ከአራት ዓመት በፊት የተቀዳ ደም

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉ ሱዩን ደም ልትቀዳ መጣች ከተባለ፣ የመንደሩ ወንዶች በጓሮ በር ሹልክ እያሉ ጥጥ ማሳ ውስጥ ይደበቁ ነበር። እጇ ከብዶ አይደለም። እንዲያውም በቺዶንግ አሸዋማ ምድር ላይ እንደሷ እጀ ቀላል አልነበረም፤ ሕፃን እንኳ ለማልቀስ አፉን እስኪከፍት መርፌዋ ገብቶ ይወጣል ይሏት ነበር። ወንዶቹ የሚፈሩት መርፌውን ሳይሆን ከመርፌው ሁለት ሳምንት በኋላ የሚመጣውን ወረቀት ነው።

ለመፍራትም ምክንያት ነበራቸው። ታላቁ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ ከሻንጋይ ማዶ ባለው በዚያ ዝቅተኛ አገር፣ ጎልማሳው ጥጥ ሲኮተኩት ውሎ ሲገባ "እዚህ ከጎድኔ ሥር ይወጋኛል" ካለ፣ ሚስቱ የለቅሶ ነጭ ጨርቅ መኖር አለመኖሩን ሣጥኗን ከፍታ ታያለች። ሰውዬው ይከሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ሦስት ወር፣ ቢበዛ አራት ወር ነው። የጉበት ካንሰር መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ከአንድ ቤት ሦስት ወንድማማቾች በአምስት ዓመት ውስጥ ሲቀበሩ ያየ ሰው ደግሞ ሕመሙን በስሙ አይጠራውም፤ "ያ ነገር" ይለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ሱዩን ሀያ ሁለት ዓመቷ ነበር። የገበሬዎቹ የጋራ ማኅበር፣ ኮምዩኑ፣ ከየመንደሩ አንዳንድ ሰው መርጦ ስድስት ወር ሕክምና ሲያስተምር እሷን የመረጧት ሁለት ነገር ስላላት ነው፤ ጽሕፈቷ ያምራል፣ ደም አይታ አትወድቅም። እንደሷ ያሉትን "ባዶ እግር ሐኪም" ይሏቸው ነበር፤ ግማሹን ቀን ከገበሬው እኩል እየቆፈሩ ግማሹን ቀን የሚያክሙ ናቸውና። ሱዩን ግን ጫማ ነበራት፤ እናቷ በእጇ የሰፋችላት ጥቁር የጨርቅ ጫማ። ጭቃ ሲሆን ነው አውልቃ ብብቷ ሥር የምትወሽቀው።

ከከተማ የመጡት ተመራማሪዎች ሦስት ነገር አዘዟት። የሻገተ በቆሎ አይበላ። ከቤት ዙሪያ ከሚቆፈረው ቦይ ውሃ አይጠጣ። ዕድሜው ከሠላሳ በላይ የሆነ ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ደሙ ይመርመር። የመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛዋን እህል ማድረቂያው አውድማ ላይ ዘርግታ፣ ብልቃጦቿን ደርድራ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ሰው የለም። ፀሐይዋ ከላይዋ ደረሰች። በመጨረሻ አንድ ረጅም ግንበኛ እጅጌውን እየጠቀለለ መጣና ከፊቷ ተቀመጠ። ሺ ቻንግሊን ይባላል።

"ቅጂኝ" አላት።

"ስንት ዓመትህ ነው?"

"ሀያ አምስት።"

"እንግዲያው ዝርዝሩ ላይ የለህም። ሂድ ሥራህን ሥራ።"

"ዝርዝሩ ላይ ያሉትማ እዚያ ጥጥ ውስጥ በሆዳቸው ተኝተው እያዩን ነው። እኔ ሳላለቅስ ከተነሣሁ አፍረው ይመጣሉ።"

"ብታለቅስስ?"

"ካለቀስኩማ አንቺው ታገቢኛለሽ። የሚያለቅስ ወንድ ሌላ ማን ያገባል?"

ሱዩን ሳትስቅ ወጋችው። አላለቀሰም። ወንዶቹ አንድ በአንድ፣ የጥጥ ቅጠል ከፀጉራቸው እያራገፉ መጡ። በሚቀጥለው ፀደይ ቻንግሊንና ሱዩን ተጋቡ።

የመጀመሪያው ከባድ ጠብ ከአማቷ ጋር ነው፤ የተነሣውም በበቆሎ ነው። በዚያ አገር ዝናቡ የሚበረታው አዝመራው ሲደርስ ነው። በቆሎው ሳይደርቅ ይገባል፣ ጎተራው ሥር ያለው ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ቢጫና አረንጓዴ ዱቄት ያበቅላል። ሰው አጥቦ፣ ፈጭቶ፣ ቅንጬ ሠርቶ ይበላዋል። ሱዩን ጎተራውን ከፍታ እጇን እስከ ክርኗ ከተተችና ስታወጣው የሻጋታው ሽታ ቤቱን ሞላው።

"እማማ፣ ይሄ ይደፋ" አለች።

አማቷ በረንዳው ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ ነበር። ባቄላው ከጭናቸው ላይ ተበተነ።

"እህል ነው የምትደፊው? እህል? እኔ በዚያ በክፉው ዓመት የዛፍ ልጥ ቀቅዬ ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ! አንቺ ስድስት ወር ተምረሽ መጥተሽ እህል ልታስደፊኝ?"

"መርዝ አለበት እማማ። ጉበት ይበላል።"

"ረሃብም ጉበት ይበላል!"

ቻንግሊን ከሥራ ሲመለስ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው አገኛቸው። ማንንም አልጠየቀም። የሻገተውን በቆሎ በጆንያ ሞልቶ፣ ተሸክሞ ወጣና ቦዩ ዳር ደፋው። ከዚያ መጥቶ እናቱ እግር ሥር ቁጢጥ አለ። "እማ፣ እስከ ዛሬ ድረስ የተቀበሩትን ቁጠሪያቸው። አባቴ። አጎቴ። ያ ጥርሰ ፍንጭቱ አናጢ። ሁሉም ከአንድ ጎተራ ነው የበሉት። እኔ ሁለት ወር ድንች ብቻ ብበላ አልሞትም" አላቸው። አሮጊቷ ባቄላቸውን መሬት ለመሬት እየዳበሱ ለቀሙ። ያን ክረምት ቤተሰቡ በእርግጥ ስኳር ድንች ብቻ በላ፤ ሱዩንም አማቷ ሳያዩ ከድርሻዋ ቆርሳ ሳህናቸው ላይ ትጨምር ነበር። አማቷም ሱዩን ሳታይ መልሰው የሷ ላይ ይጨምሩ ነበር። ቻንግሊን ሁለቱንም እያየ አንድ ቀን በሳቅ ሊታነቅ ደረሰ።

ዓመታት አለፉ። ሱዩን ሴት ልጅ ወለደች፤ ሚንሺያ አሏት። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ሰው የቦይ ውሃ መጠጣት ተወ። መሬቱ ለየቤተሰቡ ሲከፋፈልና ገበያ ሲከፈት ሩዝ ከወዲያ ማዶ መጣ፤ በቆሎ ለአሳማ ሆነ። ሱዩን ሴት ልጅ ወለደች፤ ሚንሺያ አሏት። ኮምዩኑ ፈረሰ፤ የሱዩን ሥራ ግን አልፈረሰም። በዓመት ሁለት ጊዜ ደም መቅዳት፣ ብልቃጡ ላይ ቁጥር መጻፍ፣ መዝገቡ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ስም መጻፍ። ወረቀት ሲመጣ ጥሩውን ጮክ ብላ አውድማው ላይ ታነባለች፤ ክፉውን ደግሞ እጥፍ አድርጋ ኪሷ ከታ፣ እንደ ድንገት ብቅ ያለች መስላ ወደ ቤቱ ትሄዳለች። ሰዎች ግን አረማመዷን ለይተው አወቁት። በዝግታ ስትመጣ ካዩ በራቸውን ይዘጋሉ።

የሚንሺያ አሥራ አምስተኛ ዓመት ላይ ተመራማሪዎቹ አዲስ ነገር አመጡ። ከጎልማሶቹ በዛ ያለ ደም ተቀድቶ፣ ከፊሉ ዛሬ ሊመረመር፣ ከፊሉ ደግሞ በብርቱ ቅዝቃዜ ሊቀመጥ ነው አሉ። "ዛሬ የማናውቀውን ነገር ነገ ልናውቅ እንችላለን፤ ያን ጊዜ መልሰን እንድናየው" ብለው አስረዷት። ሱዩን ከመንደሯና ከአጎራባች መንደሮች ሦስት መቶ አርባ ሰው መዘገበች። ባሏ ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ደረሰው። የመከር ቀን ነበር፤ ቻንግሊን በአንድ እጁ ጥንቅሽ እያኘከ ሌላውን እጁን ሰጣት።

"ትንሽ አስቀሪልኝ እንጂ፤ ገና ጣራ ልሠራ ነው።"

"ዝም በል። አፍህ ሲሠራ ደም ሥርህ ይሸሻል።"

"ደም ሥሬማ ካንቺ ወዴት ይሸሻል? አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እየወጋሽው ለምዶሻል።"

የዚያ ዓመት ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። ያኔ በሚያውቁት ምርመራ፣ ቻንግሊን ከማንም ጤነኛ ነው።

ከዚያ በኋላ የቺዶንግ ግንበኞች እንደ ንብ መንጋ ወደ ሻንጋይ መትመም ጀመሩ። ቻንግሊንም ሄደ። በዓመት ሁለቴ፣ ሦስቴ ብቅ ይላል፤ የሕንጻ አሸዋ ከጆሮው ውስጥ አይጠፋም። አንድ መከር የደሙ ቀን ሳይመጣ አለፈ። የሚቀጥለው ፀደይም እንዲሁ። ሱዩን በስልክ አዘዘችው፤ "አሁን ስምንተኛው ፎቅ ላይ ነን፣ ሲያልቅ እመጣለሁ" አላት። የሰው ባል ቢሆን ኖሮ የሚሠራበት ድረስ ሄዳ አንገቱን ይዛ ታመጣው ነበር። የራሷ ስለሆነ፣ ገንዘቡም ለሚንሺያ ትምህርት ስለሆነ፣ ተወችው።

ቀጥሎ ሲመጣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። ሱዩን አልጋ ላይ አጋደመችው፣ ሸሚዙን ገለጠች፣ መዳፏን ከቀኝ ጎድኑ ሥር አሳረፈች። እጇ እንደ እንጨት ጠንካራ ነገር ነካ። በዚያች እጅ ስንቱን ሰው ዳስሳ እንዳወቀች ቻንግሊን ያውቃል፤ ስለዚህ የሚያየው ጣራውን ሳይሆን ፊቷን ነበር።

"እህ፣ ሐኪሟ? ምን አገኘሽ?"

"የበላኸው አልተፈጨልህም።"

"ውሸት ስትናገሪ ጆሮሽ እንደሚቀላ ነግሬሽ አላውቅም አይደል?" አለና እጇን ከሆዱ ላይ አንሥቶ በሁለት እጁ ያዛት። "እንዳትነግሪኝ። ለእማማም እንዳትነግሪ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ዝም ብለን እንቀመጥ።"

አራት ወር ኖረ። አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት "አንገቴን ይዘሽ ብትጎትቺኝም አልመጣም ነበር፤ ጠባዬን አታውቂውም?" ይላት ነበር። እሷ አላመነችውም። በቀብሩ ማግስት ደግሞ ሚንሺያ፣ ነጭ ጨርቁን ከራሷ ሳታወርድ፣ "የአገሩን ወንድ ሁሉ ስትወጊ አባቴን ረሳሽው" አለቻት። ከሳምንት በኋላ አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታው ግን ቃሉን ከነበረበት አላወጣውም። ሱዩን ብልቃጥ ላይ ቁጥር በጻፈች ቁጥር፣ ያለፉት ሁለት ዙሮች ይቆጠቁጧት ነበር፦ ያኔ ባመጣው፣ ያኔ ደሙ ቢታይ፣ ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ቢገኝ። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖረች።

በስምንተኛው ዓመት የየመንደሩ ጤና ሠራተኞች ለአንድ ቀን ስብሰባ ወደ ከተማ ተጠሩ። ሱዩን ያኔ ሀምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጋለች። የተመራማሪዎቹን ሥራ የምታስረዳው ዶክተር ፌይ የምትባል ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት። ቀጭን ናት፤ ስትናገር ጣቷን እንደ ተማሪ ታነሣለች።

"በእያንዳንዱ የጉበት ሕዋስ ውስጥ ዘረመል አለ" አለች። "በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው በሉት። ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል የዘበኛ ሥራ አለው። ሕዋሱ ሲጎዳ 'ቁም፣ አትባዛ' ይለዋል። የማይጠገን ከሆነም እንዲሞት ያደርገዋል። በሻገተ በቆሎ ውስጥ ያለው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበት ሲደርስ ይለወጥና ከዘረመሉ ጋር ይጣበቃል። ብዙ ጊዜ ሕዋሱ ራሱ ያጸዳዋል። ሳያጸዳው የተባዛ እንደሆነ ግን አንዷ ፊደል በሌላ ፊደል ትተካለች፤ በዚህ አገር ሰው ላይ ደግሞ ደጋግማ የምትተካው ያችው አንዷ ፊደል ናት። ዘበኛው ሥራውን ይተዋል። የጉበት ቫይረስም አብሮ ካለ፣ ጉበቱ እየቆሰለ፣ እየዳነ፣ ሕዋሶቹ ያለ ዕረፍት ይባዛሉ። ስሕተቱም አብሮ ይባዛል።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጤና ሠራተኛ እጃቸውን አነሡ። "ልጄ፣ አንዲት ፊደል ነው ያልሽው?"

"አንዲት ፊደል፣ አባባ።"

"ሰው በአንዲት ፊደል ይሞታል?"

"በሷ ብቻ አይሞትም። ሌሎች ስሕተቶች ዓመት ከዓመት ይከተሏታል። እሷ ግን ቀድመው ከሚመጡት ናት። ዕጢ ሳይታይ፣ ሰውዬው ምንም ሳይሰማው፣ ከሞቱት ሕዋሶች የተበጣጠሰው ዘረመል ደም ውስጥ ይገባል። እናንተ ባስቀመጣችሁልን አሮጌ ደም ውስጥ ያገኘነው እሱን ነው።"

አንድ ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ አበራች። ስም የለውም። የሰው ቁጥር፣ ደሙ የተቀዳበት ዓመት፣ ፊደሏ ተለውጣ ከሆነ የመደመር ምልክት፣ መጨረሻ ላይ የታመመበት ዓመት። ለሌላው ሰው ሁሉ ቁጥር ነበር። ሱዩን ግን እነዚያን ቁጥሮች በእጇ የጻፈቻቸው ናት። ዓይኗ ሳትፈልገው ወረደና ቆመ። ሦስት መቶ አሥራ ሰባት። ደም የተቀዳበት፣ ያ የጥንቅሹ መከር። የመደመር ምልክት። የታመመበት፣ ከአራት ዓመት በኋላ።

ሌላ ነገር የሰማች አልመሰላትም። ያን ቀን ምን ያህል እንደሳቀ፣ ትከሻው እንዴት ሰፊ እንደነበር፣ እሷም ወረቀቱ ንጹሕ መጣ ብላ ያን ማታ ሸርጣን ቀቅላ እንዳበላችው ትዝ አላት። ያኔ ደሙ ውስጥ ነበር። እሷ ብልቃጡን በእጇ ይዛው ነበር፤ ሞቅ ይል ነበር።

ሰው ለምሳ ሲወጣ እሷ ወንበሯ ላይ ቀረች። ዶክተር ፌይ ወረቀቶቿን እየሰበሰበች አየቻት።

"እማማ፣ አሞዎታል?"

"ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ባሌ ነው።"

ልጅቷ የያዘችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቆይታ አጠገቧ ተቀመጠች። "ቁጥሮቹን መቀየር ነበረብኝ" አለች በትንሽ ድምፅ። "ማንም የሚያውቃቸው አልመሰለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ተይው እሱን። አንድ ነገር ንገሪኝ፤ አታባብዪኝ። ኋላ ሁለት ጊዜ ደሙን ሳልቀዳው ቀረሁ። ያን ጊዜ ብቀዳው ይድን ነበር?"

ዶክተር ፌይ ቶሎ አልመለሰችም። ሱዩን ለዚህ ወደደቻት።

"አላውቅም" አለች። "ምናልባት ዕጢው ትንሽ ሆኖ ይገኝ ነበር፤ ምናልባትም አይገኝም። ይቺ ፊደል መለወጧን ግን ያኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ብናውቅም የምናደርገው መድኃኒት የለም፣ ዛሬም የለም። ነገሩ የጀመረው እሱ ሻንጋይ ከመሄዱ በፊት ነው። ልጅ ሳለ ከበላው በቆሎ፣ እናቱ ስትወልደው ከያዘው ቫይረስ ሊሆን ይችላል። የርስዎ ሁለት ዙር ከዚያ ሁሉ መጨረሻ ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት። የለችም አልልዎትም። ትንሽ ናት።"

ሱዩን መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችው። የለም ተብሎ ከተካደ ጥፋት ይልቅ ትንሽ የተባለ ጥፋት ይቀላል፤ ሰው ይሸከመዋል። ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን ስታስብ ሁለቱ ዙሮች አልታወሷትም፤ ድምፁ ነው የታወሳት።

ሊነሡ ሲሉ ነው ሌላውን ያነሣችው። "ሁለት መቶ አራትም ምልክት አለበት። የታመመበት ዓመት ግን ባዶ ነው።"

"እማማ..."

"ያን የሚቀመጠውን ደም ዳግመኛ የቀዳሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ጎረቤቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አንድም ምርመራ አልመጣም። ልንገረው?"

"አይሆንም!" ልጅቷ ጣቷን አነሣች። "ምልክቱ ያለበት ሁሉ አይታመምም። ብዙ ሰው ይዞት ይኖራል፤ ምን ያህሉ እንደሆነ ገና አላወቅንም። ከነገሩት ካንሰሩ ሳይገድለው ፍርሃቱ ይገድለዋል።" ትንሽ አሰበች። "ግን ሰውን ለአልትራሳውንድ መጥራት ክልክል አይደለም። ያ የርስዎ ሥራ ነው።"

ሁለት መቶ አራት ሁዋንግ ጂንባው ነው። ከቻንግሊን ጋር አብሮ ቦይ የቆፈረ፣ አብሮ የሩዝ ጠጅ የጠጣ፣ በቀብሩ ቀን ሣጥኑን ከፊት የተሸከመ ሰው። አፉ የማያርፍ፣ ከማንም የሚጣላ፣ ግን ሌሊት ዝናብ ቢያፈስ የሱዩንን ጣራ ጠዋት ሳይጠየቅ የሚደፍን ነው። ሱዩን እሱን ብቻ እንዳትጠራ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ያሉትን የመንደሩን ወንዶች በሙሉ መዘገበች፤ ሠላሳ አንድ ሰው። ትንሽ አውቶቡስ አስመጣች። በቀጠሮው ጠዋት ሠላሳው መጡ።

ጂንባው ጥንቅሽ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲቆርጥ አገኘችው።

"ና ውጣ" አለችው።

"እትዬ፣ ደምም ወሰድሽ፣ ሽንትም ወሰድሽ። አሁን ደግሞ ሆዴን በመስኮት ልታዪ ነው?"

"ሆድህ ውስጥ ከነገር በቀር ምን እንዳለ ልይ ብዬ ነው።"

"ማሽን የሚፈልግ ያገኛል። ያላገኘውንም ይፈጥራል። የኔ አያት ሳይታይ ሰማንያ ኖረ።"

"አባትህስ?"

ጂንባው ማጭዱን አቆመ። አባቱ በአርባ አንድ ዓመቱ በ"ያ ነገር" ነው የሞተው።

"አውቶቡሱ እንዳይሄድብሽ። በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ" አለ፣ ፊቱን አዙሮ።

ሱዩን ጭቃው ውስጥ ገባች። አጠገቡ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ቻንግሊንም እንዲሁ ብሎኝ ነበር። ሲያልቅ እመጣለሁ አለኝ። ሁለት ጊዜ። ባሌ ስለሆነ አፍሬ ዝም አልኩት። ጂንባው፣ አንተ ባሌ አይደለህም፤ አላፍርህም። አውቶቡሱ እዚህ ያድራል እንጂ ያለ አንተ አይሄድም።"

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት።

"እትዬ፣ የምታውቂው ነገር አለ?"

"ዕድሜህን አውቃለሁ። ጠባይህን አውቃለሁ። ሌላ ምን ይታወቃል?"

ጂንባው ማጭዱን ጥንቅሹ ላይ ሰካው፤ እጁን በሱሪው ጠረገ። "ሸሚዝ ልለብስ" አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ እስከ ከተማ ድረስ አላረፈም፤ ሾፌሩን ስለ አነዳዱ፣ ጎረቤቱን ስለ ዳክዬዎቹ፣ ሱዩንን ስለ ሁሉም ነገር ሰደበ። ሆዱ ላይ ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ሲቀቡትም "እንደ ዓሣ ልትጠብሱኝ ነው?" ብሎ ባለሙያዋን አሳቃት። ከዚያ ባለሙያዋ ሳቋን አቆመች። መሣሪያውን እዚያው ቦታ ላይ መለሰችው። እንደገና መለሰችው።

አንዲት የባቄላ ፍሬ የምታህል ነበረች፤ ጉበቱ ዳር ላይ፣ ለቀዶ ሕክምና በምትመች ቦታ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሻንጋይ ተኝቶ ቆረጡለት። ሱዩን ልትጠይቀው ስትሄድ ሚንሺያ ከጣቢያ ተቀበለቻት፤ እዚያው ከተማ ታስተምር ነበርና። በሆስፒታሉ መተላለፊያ ሱዩን ስለ አሮጌው ደምና ስለ ፊደሏ ለልጇ ነገረቻት። ሚንሺያ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ የእናቷን ቀኝ እጅ ወሰደች፤ መርፌ የምትይዝበትን። እንደ ሕፃን እጅ በሁለት መዳፏ መሀል አድርጋ እያሻሸች፣ የሰው መተላለፊያ ላይ ቆመው ቆዩ። አስታማሚው ሁሉ እየዞራቸው ያልፍ ነበር።

"እትዬ!" አለ ጂንባው ከአልጋው፣ ሱዩንን ገና በሩ ላይ ሲያያት። "ይሄ ሁሉ ባንቺ ምክንያት ነው። ሩዙ ውሃ፣ ሾርባው ውሃ፣ ነርሷ ደግሞ ካንቺ የባሰች!"

አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ። በነዚያ ዓመታት የመንደሩን ወንዶች ለምርመራ የሚጎትት እሱ ሆነ፤ ጠባሳውን አውድማው ላይ ገልጦ እያሳየ ያስፈራራቸዋል። ለምን ያን ቀን እንደዚያ ሙጭጭ እንዳለችበት ሲጠየቅ፣ "ሴትዮዋ ሰው ማሠቃየት ትወዳለች፣ ባሏ ሞቶ ተራው የኔ ሆነ" ይል ነበር። ዶክተር ፌይ ቁጥሮቹን ከዚያ ወዲህ ሁሌ ትቀይራለች። ሱዩን ጡረታ ወጣች፤ ደሙን አሁን ሌላ ሴት ናት የምትቀዳው።

ጂንባው የሞተው ደም ግፊት ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት፣ በስልሳ ስድስት ዓመቱ፣ ከጎረቤት ጋር ስለ ዳክዬ ሲጨቃጨቅ ነው። ለቀብሩ ምግብ ሴቶቹ ጓሮ ተሰብስበው ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ ሲቆርጡ ሚስቱ ሱዩን አጠገብ መጥታ ቆመች።

"እትዬ፣ ስንት ዓመት ልጠይቅሽ እያልኩ። ያን ጊዜ ታውቂ ነበር አይደል?"

ሱዩን ቶፉውን ቆርጣ ሳህን ላይ ደረደረች።

"አውቶቡሱ ውስጥ ባዶ ወንበር ይዤ መሄድ ስላልፈለግሁ ነው" አለች።

ሚስቱ በእንባዋ መሀል ሳቀች። "እሱ ቢሰማሽ ኖሮ..." ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። ውጭ እንግዶቹ ተቀምጠው እየጠበቁ ነበር። ሁለቱ ሳህኖቹን ተሸክመው ወጡ።